ምዕራፍ ሰባት፦ አንድ ሂሳብ በሁለትና በሦስት ካርድ

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ቦርሳው ውስጥ ያሉትን ካርዶች አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ቢደረድራቸው ብዙ ጊዜ አራትና አምስት ይሆናሉ። የባንክ ዴቢት ካርድ አለ፤ ክሬዲት ካርድ አለ፤ ብዙዎቻችን አሁንም ፉድ ስታምፕ የምንለው የኢቢቲ ካርድ የያዘም አለ። ለገና ከመሥሪያ ቤት የተሰጠ ጊፍት ካርድ፣ ለልደት የመጣና ጥቂት ዶላር ቀርቶበት የተረሳ ሌላ ጊፍት ካርድም አይጠፋም። ግን ካሸሯ ፊት ሲደርስ ከሁሉም አንዱን መዞ ሙሉውን ሂሳብ በእሱ ከፍሎ ይወጣል። ከኋላው ሰልፉ ረዝሟል፤ ማሽኑ «ዲክላይን» ብሎ ሰው እንዳያየውም ይሰጋል። በዚህ ምክንያት ብቻ በየመሳቢያው ስንት ዶላር ተቀምጦ ይቀራል። የራስን ገንዘብ ለመጠቀም ማፈር አይገባም።

አንድን ግዢ ከፋፍሎ በተለያዩ ካርዶች መክፈል በአብዛኞቹ የአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው። ካሸሯ ስልጠና ስትወስድ ከምትማራቸው ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። ከእርስዎ የሚጠበቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ካርዱ ማሽኑን ከመንካቱ በፊት መናገርና ቅደም ተከተሉን ማወቅ። ቅደም ተከተሉ ደግሞ በአንድ ሐሳብ ይጠቃለላል፤ አገልግሎቱ ጠባብ የሆነው ካርድ ይቅደም፣ የትም የሚሠራው ይከተል። የእናቶችና ሕፃናት የዊክ ካርድ የሚገዛው በዝርዝር የተወሰኑ ምግቦችን ብቻ ስለሆነ ከሁሉም ይቀድማል። ከእሱ ቀጥሎ ኢቢቲ ይመጣል፤ ከዚያ ጊፍት ካርድ፤ መጨረሻ ላይ ዴቢት ወይም ክሬዲት። ዴቢቱን አስቀድመው ከሰጡ ማሽኑ ሙሉውን ሂሳብ በአንዴ ይወስድና ሌሎቹ ካርዶች እንዳሉ ይቀራሉ።

በቁጥር እንየው። አንዲት እናት ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሱፐርማርኬት ገብታ ሩዝ፣ ዘይት፣ ዶሮና ወተት በ38.40 ዶላር፣ የልብስ ሳሙናና የመጸዳጃ ወረቀት ደግሞ በ22 ዶላር ገዛች እንበል። ሜሪላንድ የምግብ ሸቀጥ ላይ ታክስ አታስከፍልም፤ ሳሙናና ወረቀቱ ላይ ግን 6 በመቶ፣ ማለትም 1.32 ዶላር ይጨመራል። ጠቅላላው 61.72 ሆነ። እናቲቱ በኢቢቲዋ ላይ 45 ዶላር አላት፤ አንድ የቪዛ ጊፍት ካርድ ላይ 14.75 ቀርቷታል፤ ዴቢት ካርድም ይዛለች። መጀመሪያ ኢቢቲውን አስገብታ የሚስጥር ቁጥሯን ስትነካ ማሽኑ ምግቡን ከሌላው ራሱ ለይቶ 38.40 ይወስዳል። 23.32 ይቀራል። ቀጥላ ጊፍት ካርዱን ታሳያለች፤ «በዚህ ላይ 14.75 አድርጊልኝ» ትላለች። የቀረው 8.57 ዶላር ከዴቢቱ ይከፈላል። ምንም የባከነ የለም፣ ሰልፉም አልቆመም።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ እናቲቱ በጊፍት ካርዱ ላይ ያለውን ቀሪ እስከ ሳንቲሙ ታውቃለች። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። 14.75 ያለበትን ካርድ ምንም ሳይናገሩ ለ23.32 ሂሳብ ቢያስገቡት አንዳንድ ማሽኖች ያለውን ወስደው የጎደለውን ይጠይቃሉ፤ ሌሎች ግን ገንዘቡ አይበቃም ብለው ጭራሽ አይቀበሉም። ካርዱ ምንም አልሆነም፣ እርስዎም አላጠፉም፤ ባንኩ የተጠየቀው 23.32 ስለሆነ ነው «የለም» ያለው። ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ስልክ ደውለው ወይም እዚያው የተጻፈውን ድረ ገጽ ከፍተው ቀሪውን ይወቁ፤ ካርዱ ላይም በእስክርቢቶ ይጻፉት። ድረ ገጹን በጉግል አይፈልጉ፤ የካርድ ቁጥር ለመስረቅ የተሠሩ አስመሳይ ገጾች አሉ። በስልክ ደውሎ ጊፍት ካርድ ገዝተው ቁጥሩን እንዲያነቡለት የሚጠይቅዎ ሰው ደግሞ መንግሥት ነኝ ቢል፣ ባንክ ነኝ ቢል ሌባ ነው።

እንግሊዝኛው ለሚያስቸግራቸው አንድ ዓረፍተ ነገር በቃል መያዝ ይበቃል፦ «ፎርቲን ሰቨንቲ ፋይቭ ኦን ዚስ ካርድ፣ ኤንድ ዘ ሬስት ኦን ዚስ ዋን»። ቁጥሩን ብቻ እንደ ሁኔታው ይቀይሩ። ራስን በራስ የሚያስተናግዱት ማሽኖች ይህን ምርጫ የማይሰጡበት ሱቅ ብዙ ስለሆነ እኔ የምመክረው ሰው ያለበት ካሸር ጋ መሄድን ነው።

የኢቢቲን ነገር ትንሽ ላስረዳ፤ በሐበሻ ሱቆች ውስጥ ግራ መጋባት የሚበዛው በእሱ ነው። ኢቢቲ የሚቀበል የሐበሻ ሱቅ ገብተው የጤፍ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ የታሸገ እንጀራና ያልተፈላ ቡና ቢገዙ በኢቢቲ ይከፈላል። እዚያው ሱቅ ጥግ ላይ የተፈላ ቡና ወይም ትኩስ ሳምቡሳ ቢያዙ ግን አይከፈልም፤ ትኩስ ሆኖ የተዘጋጀ ምግብ በሕጉ አይካተትም። ጀበና፣ ዕጣን፣ ሳሙና፣ የልጅ ዳይፐር፣ መድኃኒት፣ ቫይታሚንና የአልኮል መጠጥም እንዲሁ። ከ2026 ጀምሮ ለስላሳ መጠጥና ከረሜላን የከለከሉ ግዛቶችም ስላሉ የግዛትዎን ይጠይቁ። አንድ ጥቅም ደግሞ አለው። በኢቢቲ የተከፈለ ምግብ ላይ የሽያጭ ታክስ መጠየቅ ክልክል ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ላሉ አንባቢዎቼ ማለቴ ነው፣ ምግብ ላይ 1 በመቶ ታክስ አለ፤ በኢቢቲ የሚከፈለው ክፍል ግን ከዚያ ነፃ ነው። ቀሪ ሂሳብዎን ለማወቅ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልግም፤ የደረሰኙ ግርጌ ላይ ይታተማል።

በትንንሽ ሱቆች ለባለቤቱም ማሰብ ደግ ነው። ባለ ሱቁ በክሬዲትና በዴቢት በሚፈጸም በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ከመቶኛው ሌላ የተወሰነ ሳንቲም ይቆረጥበታል። ስለዚህ የ9 ዶላር ሂሳብ ለሦስት ካርድ መከፋፈል ትርፉን መብላት ነው። በሕጉ መሠረት ባለ ሱቅ ለክሬዲት ካርድ እስከ 10 ዶላር ዝቅተኛ ግዢ መጠየቅ ይችላል፤ ለዴቢት ግን ይህ አይፈቀድለትም።

ነዳጅ ማደያ ሌላ ነገር ነው። ፓምፑ ላይ ካርድ ሲያስገቡ ማሽኑ ምን ያህል እንደሚቀዱ ስለማያውቅ አስቀድሞ ከፍ ያለ ገንዘብ ይይዛል፤ ከ100 ዶላር በላይ የሚይዝ አለ። 20 ዶላር የቀረበት ጊፍት ካርድ እዚያ አይሠራም። ውስጥ ገብተው የፓምፑን ቁጥር ነግረው በ20 ዶላር ልክ ያስቀዱ። ምግብ ቤትም ተመሳሳይ ነው፤ አንዳንዱ ማሽን ለጉርሻ ብሎ ከሂሳቡ 20 በመቶ አስበልጦ ይጠይቃል፤ ካርዱ ላይ ልክ የሂሳቡ ያህል ብቻ ካለ ሊመልሰው ይችላል።

በኢንተርኔት ሲገዙ ነገሩ ይጠብባል። አማዞን አንድን ትእዛዝ በሁለት የባንክ ካርድ ከፋፍሎ አይቀበልም፤ የአማዞን ጊፍት ካርድ ሂሳብን ከአንድ ካርድ ጋር ማጣመርን ግን ይፈቅዳል። መፍትሔውም ከዚሁ ይገኛል። ቪዛ ጊፍት ካርድዎ ላይ የቀረውን ልክ ወደ አማዞን ሂሳብዎ ይጫኑት፤ ከዚያ ዕቃውን ሲገዙ የጎደለውን ዴቢት ካርድዎ ይሙላው። አንዴ ከጫኑት በኋላ ግን ገንዘቡ ከአማዞን ሌላ ቦታ አይሠራም።

ለትልቅ ግዢ በሁለት ክሬዲት ካርድ መክፈልን የሚመርጡ አሉ። ምክንያታቸው ትክክል ነው። በፋይኮ የክሬዲት ነጥብ ስሌት ውስጥ 30 በመቶው ክብደት ያለብዎት የዕዳ መጠን ነው፤ ዕዳው ከካርዱ ጣሪያ አንጻር ምን ያህል እንደሆነም በዚያ ውስጥ ይታያል። ጣሪያው 2,000 ዶላር በሆነ ካርድ የ1,200 ዶላር ፍሪጅ ቢገዙ 60 በመቶውን ተጠቀሙ ማለት ነው። 600ውን በእሱ፣ 600ውን ጣሪያው 3,000 በሆነ ሌላ ካርድ ቢያደርጉት 30 እና 20 በመቶ ይሆናል። ዕዳው ግን አልቀነሰም፤ 1,200 ያው 1,200 ነው፤ ወለዱም በሁለት በኩል ይቆጥራል። የወሩ መግለጫ ሳይወጣ መክፈል ለሚችል ሰው መከፋፈሉ አያስፈልገውም ባይ ነኝ። ሌላም አለ፤ አንዳንድ ክሬዲት ካርዶች ለገዙት ዕቃ ተጨማሪ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ሙሉው ዋጋ በካርዱ ካልተከፈለ ግን የማይሸፍኑ አሉ። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ከመግዛትዎ በፊት የካርድዎን ውል ያንብቡ።

የመጨረሻው ጉዳይ ዕቃ መመለስ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚህ ነው። በሦስት ካርድ የተከፈለ ዕቃ ሲመለስ ገንዘቡ የሚሄደው ወደመጣበት ካርድ ነው። በኢቢቲ የተከፈለው ወደ ኢቢቲ ይመለሳል፤ በጥሬ ገንዘብ መመለስ ክልክል ነው። በጊፍት ካርድ የተከፈለው ያው ባዶ የሆነው ካርድ ላይ ይገባል። ካርዱን ጥለውት ከሆነ ሱቁ ምናልባት የራሱን ካርድ ይሰጥዎታል፤ ካልሆነ ግን የጣሉት ካርድ ላይ ይገባና እሱን ለማስመለስ ከካርዱ ኩባንያ ጋር በስልክ መከራከር ይሆናል። ስለዚህ ቀሪው ዜሮ የሆነ ጊፍት ካርድ አይጣሉ። ከደረሰኙ ጋር በአንድ ፖስታ ያስቀምጡት፤ የሱቁ የመመለሻ ጊዜ ካለፈ በኋላ ይጣሉት።