ልጅዎን ከመደበኛው ክፍል ሊያወጡት ሲሉ

አሜሪካ ያሉ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህን ነው፦ «ትምህርት ቤቱ ልጄን ወደ ልዩ ክፍል ሊያዛውረው ነው። ፈርሚ ብለው ወረቀት ሰጥተውኛል። ካልፈረምኩ ያባርሩት ይሆን?»

አያባርሩትም። በ1975 የወጣውና ዛሬ «አይዲያ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የፌዴራል ሕግ፣ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ከ3 ዓመቱ ጀምሮ፣ እንደየስቴቱ እስከ 21 ዓመቱ፣ የሚስማማውን ትምህርት በነጻ እንዲያገኝ ያዛል። የመኖሪያ ወረቀት ባይኖራችሁም ልጃችሁ የመማር መብት አለው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ1982 ከቴክሳስ በመጣ ክርክር ወስኗል።

የት ይማር ለሚለው ጥያቄ የሕጉ መነሻ መደበኛው ክፍል ነው። ልጁ ከእኩዮቹ የሚለየው ረዳት መምህር፣ የተስተካከለ መማሪያና የመሳሰለው ድጋፍ እዚያው ተሰጥቶትም ትምህርቱ በአግባቡ ሊሄድ ካልቻለ ብቻ ነው። ስለዚህ በስብሰባው ላይ መጀመሪያ «እዚሁ ክፍል እያለ ምን ድጋፍ ሞከራችሁ?» ብለው ይጠይቁ። «ኦቲዝም ያለባቸውን ሁሉ እዚያ ነው የምናስገባቸው» ቢሉዎት፣ ሕጉ የሚጠይቀው ስለዚህ ልጅ የተወሰነ ውሳኔ መሆኑን ያስታውሷቸው።

የእኛን ልጆች በተለይ የሚጎዳው የቋንቋ ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛ አለመቻል ብቻውን ልጅን አካል ጉዳተኛ አያሰኝም፤ ምርመራውም ትክክለኛ ችሎታውን በሚያሳይ ቋንቋ መካሄድ አለበት። በተቃራኒው ደግሞ «እንግሊዝኛ እስኪለምድ እንጠብቅ» እያሉ ምርመራውን ማዘግየት አይፈቀድም። ለእርስዎም በስብሰባው አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ የትምህርት ቤቱ ነው። ታላቅ እህቱን ማስተርጎም፣ በእኔ እይታ፣ ለልጅቷም ለእርስዎም ግፍ ነው። አስተማሪ ያለው ሁሉ ልክ ነው እየተባልን አድገናልና በየስብሰባው አንገት መነቅነቅ ይቀናናል። ያልገባዎትን ግን እሺ አይበሉ።

ምርመራ ሲፈልጉ በቃል አይጠይቁ። ቀን ያለበት ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ይላኩ፤ ቅጂውንም ያስቀምጡ። ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። እሺ ካለ በፌዴራሉ ሕግ እርስዎ ከፈቀዱበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን አለው፤ ስቴቶች ግን የራሳቸውን ጊዜ ሊወስኑ ይችላሉ፤ ለምሳሌ ቨርጂኒያ ከጥያቄው ጀምሮ 65 የሥራ ቀናት ትሰጣለች። በውጤቱ ካልተስማሙ ገለልተኛ ባለሙያ በመንግሥት ወጪ እንዲመረምረው ይጠይቁ። ትምህርት ቤቱ ወይ ይከፍላል፣ ወይ የራሱ ምርመራ በቂ መሆኑን በችሎት ያስረዳል።

ወደ ፊርማው እንመለስ። በስብሰባው መገኘትዎን የሚያሳየው ፊርማና የስምምነት ፊርማ ይለያያሉ፤ የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ አይፈርሙ። የልዩ ትምህርት አገልግሎት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይጀመርም። ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ለውጥ ፊርማ የማይጠይቁ ስቴቶች አሉ፤ እዚያ ዝም ማለት ያስጠቃል። ለውጡ ከመፈጸሙ በፊት የችሎት አቤቱታ ካስገቡ ግን፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁ በመርሕ ደረጃ በነበረበት ይቆያል።

ለስቴቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት አቤት የሚባልበት ጊዜ 1 ዓመት ነው፤ ለችሎት በአብዛኛው 2 ዓመት። ጠበቃ መቅጠር ካልቻሉ፣ በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሚረዱ ጠበቆችን ዝርዝር ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቁ፤ የመስጠት ግዴታ አለበት።