ሺአንን በቡድን ሲጎበኙ፦ የመንገዱ ቅደም ተከተልና የዘመኑ ቅደም ተከተል

የቡድን ጉብኝት መርሐ ግብር የሚወጣው በመንገድ ርቀት ነው። በጥንታዊቷ የቻይና ከተማ በሺአን አስጎብኚው ብዙ ጊዜ ጠዋት ከከተማው ውጭ ወደሚገኘው የሸክላ ሠራዊት ይወስድዎታል፤ ከሰዓት በኋላ የከተማውን ቅጥርና ፓጎዳ የሚባለውን ማማ ያሳይዎታል። እንዲህ ሲሆን በአንድ ቀን ከ2,200 ዓመት በፊት ከነበረ ዘመን ተነሥተው ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ይሻገራሉ፤ ከዚያ ወደ 7ኛው ይመለሳሉ። የዘመኑን ቅደም ተከተል አስቀድመው ካወቁ ግን አንዱ ሥፍራ ሌላውን ያስረዳዎታል። ከታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የሚመጣው የሸክላ ሠራዊቱ ነው። ቺን ሺ ኋንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 የቻይናን መንግሥታት አንድ አድርጎ የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ሆነ። መቃብሩን እንዲጠብቁለት በሺህ የሚቆጠሩ የሸክላ ወታደሮች ተሠርተው ተቀበሩ፤ በ1974 የውኃ ጉድጓድ ይቆፍሩ የነበሩ ገበሬዎች አገኟቸው። ዛሬ ግራጫ ሆነው ቢታዩም ሲሠሩ ባለ ቀለም ነበሩ። ቀለሙ ያረፈው ከዛፍ በሚገኝ ላከር በሚባል ቅብ ላይ ነው። ይህ ቅብ በእርጥብ አፈር ውስጥ ለዘመናት ከቆየ በኋላ ደረቅ አየር ሲነካው ይኮማተራል፤ ቀለሙንም ይዞ ይረግፋል። ብዙዎቹ ሐውልቶች እስካሁን ሳይቆፈሩ ከተተዉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ዘመን የታንግ ሥርወ መንግሥት ነው። ያኔ ከተማዋ ቻንግአን ትባል ነበር፤ ስፋቷ 84 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጎዳናዎቿ ቀጥ ብለው ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጉ ነበር። መነኩሴው ሹዋንዛንግ በ645 ከሕንድ የቡድሃ እምነት መጻሕፍት ይዞ ተመለሰ። እነዚህን ለማኖር በ652 የታላቁ የዱር ዝይ ፓጎዳ ተሠራ። ፓጎዳ ፎቅ በፎቅ ላይ እየተደራረበ ወደ ላይ የሚሄድ የቡድሃ እምነት ማማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ፓጎዳው ዛሬ የሚገኘው ከቅጥሩ ውጭ፣ በስተደቡብ ነው፤ ታዲያ ያን የመሰለ ሕንፃ ለምን ከከተማው ውጭ ተሠራ? መልሱ ፓጎዳው ሲሠራ በከተማው ውስጥ ነበር የሚል ነው። በ904 ዋና ከተማነቱ ወደ ሉዎያንግ ሲዛወር ቻንግአን ፈርሳ ጠበበች። ዛሬ የሚወጡበትን ቅጥር በ14ኛው ክፍለ ዘመን የሠራው የሚንግ ሥርወ መንግሥት ነው፤ የከበበውም ያችን የጠበበች ከተማ ነው።

የቅጥሩ ዙሪያ 14 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍታው 12 ሜትር ነው። ውስጡ ንብርብር ሆኖ የተጠቀጠቀ አፈር ሲሆን ጡቡ በኋላ ዘመን የለበሰው ነው። በላዩ ሲሄዱ በየ120 ሜትሩ ወደ ውጭ የወጡ ግንቦች ያያሉ። ቀስተኞች ከሁለት ጎረቤት ግንቦች ወደ መካከል ፍላጻ ሲወረውሩ ቅጥሩን ሊወጣ የሚሞክር ጠላት መሸሸጊያ ያጣል፤ ርቀቱ የተለካው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ማረፊያ አስጎብኚዎን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ይህ የተሠራው በማን ዘመን ነው? በዚያ ዘመን የከተማው ዳርቻ የት ድረስ ነበር? ሁለተኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ ጎብኚ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ሐውልቱን፣ ፓጎዳውንና ቅጥሩን አያይዞ የከተማዋን ማደግና መጥበብ የሚያሳየው ይህ ጥያቄ ነው።