ሌላ ሰው የሚያነበው ዕቅድ፦ በሐምሌ የበረዶ ሜዳ የሚያቋርጥ የተራራ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ይላሉ አበው። ተራራ ላይ ግን ያፈሰሱትን ለመልቀም ጊዜ ላይገኝ ይችላል።

በፊቸር አጻጻፍ ትምህርት “አንድ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጁ” ስንባል ብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቼ የሚያውቁትን ሙያ መረጡ። እኔ ግን እግሬ ረግጦት የማያውቀውን ቦታ መረጥኩ። ይኸውም በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በሬኒየር ተራራ ላይ በሐምሌ ወር በበረዶ ሜዳ አቋርጦ እስከ ካምፕ ሙር የሚደረገው የእግር ጉዞ ነው። ለምን ቢሉ፣ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ እዚያ ሜዳ ላይ ጭጋግ የያዘው ሰው ታላቅ ወንድሜ ስለነበረ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው

ወንድሜ ሲያትል መኖር ከጀመረ ሰባት ዓመት አልፎታል። ያን ጊዜ ከሁለት የሥራ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ “ሄዶ መመለስ ነው፤ ምን ችግር አለው?” ብሎ ተነሣ። ከቤት ሲወጣ አብሮት ለሚኖረው ልጅ “በ12 ሰዓት እደውላለሁ” አለው። ወንድሜ 12 ሲል በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ማለቱ ነው። ልጁ ግን አማርኛ ቢናገርም እዚያው ተወልዶ ያደገ በመሆኑ እኩለ ሌሊት መሰለው።

ከሰዓት በኋላ ሲወርዱ ጭጋግ መጣ። ሰማዩም መሬቱም አንድ ነጭ ሆነ። የት እንደሚሄዱ ስላላወቁ ቆሙ፤ መቆማቸው ጥሩ ነበር። ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ከጠበቁ በኋላ ኮምፓስ የያዙ ሌሎች ተጓዦች ደረሱባቸውና ተከትለው ወረዱ። መኪናቸው ጋ ሲደርሱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። እስከዚያ ድረስ ማንም አልፈለጋቸውም፤ ምክንያቱም ሲያትል ያለው ልጅ ገና ሦስት ሰዓት ይቀራል ብሎ ቴሌቪዥን ያያል።

በሐምሌ በሲያትልና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት 10 ሰዓት ነው። እማዬ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተቀመጠች። እንግዲህ ሰዓቱን በትክክል የተረዳች አንዲት ሰው ብትኖር እሷ ነበረች። ምንም ማድረግ የማትችለውም እሷው ነበረች።

በ2017 ዓ.ም. ወንድሜ እንደገና ልሂድ ሲል “እንግዲያው ዕቅዱን አብረን እንሥራ” አልኩት። ሳቀ፤ ግን እሺ አለ። የሚከተለው በስልክ እየተነጋገርን የሠራነው ነው።

1. ቦታውን ማወቅ

ሬኒየር እሳተ ገሞራ ሲሆን ከፍታው 4,392 ሜትር ነው። ከራስ ደጀን ያንሳል። ታዲያ ራስ ደጀን ላይ የማይከርም በረዶ እዚያ ለምን ይከርማል? ራስ ደጀን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 13 ዲግሪ ላይ ሲገኝ ሬኒየር 47 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየርም ተራራው ላይ በረዶ ሆኖ ይራገፋል። ጉዞው የሚጀመርበት ፓራዳይዝ የተባለው ቦታ እ.ኤ.አ. በ1971/72 ክረምት 28.5 ሜትር በረዶ ወርዶበታል።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ጉዳይ አለ። እኛ ሐምሌን ክረምት እንላለን፤ እነሱ ጋ ሐምሌ የሙቀት ወቅት ነው። ወንድሜ ያን ጊዜ ቲሸርት ለብሶ የሄደው “ሰመር” የሚለውን ቃል አምኖ ነው። ተራራው ግን በቃል አይገዛም።

ፓራዳይዝ 1,646 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ካምፕ ሙር ደግሞ 3,105 ሜትር ላይ ይገኛሉ። ርቀቱ ለመሄጃ ብቻ 7.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ፔብል ክሪክ ወንዝ፣ ማለትም እስከ 2,200 ሜትር ገደማ ድረስ፣ የተሠራ መንገድ አለ። ከዚያ በላይ መንገድ የለም፤ ያለው የሙር የበረዶ ሜዳ ነው። ወደ ታች ሲወርዱ በስተቀኝ የኒስኳሊ፣ በስተግራ የፓራዳይዝ ግግር በረዶዎች አሉ። እነዚህ ሰው የሚውጥ ስንጥቅ አላቸው። በጠራ ቀን ሜዳው ሰፊ አውራ ጎዳና ይመስላል። በጭጋግ ጊዜ ግን በሁለት ገደሎች መካከል ያለ መተላለፊያ ነው።

2. ሰዓቱን ማስላት

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት አለ። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ ሽቅብ ለሚወጣ ለየ600 ሜትሩ ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት ይያዛል። በእኛ ጉዞ 7.2 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ተኩል፣ 1,460 ሜትር ሽቅቡ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ድምሩ 4 ሰዓት ነው። ይህ ለጠንካራ ሰው በደረቅ መሬት ላይ ነው። በረዶ ላይ እግር ስለሚሰምጥና ስለሚንሸራተት ግማሹን ጨመርንበት፤ 6 ሰዓት ሆነ።

በመሆኑም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቢነሡ ከቀኑ 7 ሰዓት ይደርሳሉ ማለት ነው። ይህችን ሰዓት የመመለሻ ሰዓት አደረግናት። “የትም ብትሆን፣ ካምፑ ፊት ለፊትህ ቢታይህ እንኳ፣ 7 ሰዓት ሲሆን ፊትህን ታዞራለህ” አልኩት። “አንቺ ደግሞ አለቃ ሆንሽ!” አለኝ። የመመለሻ ሰዓት ቤት ሆኖ መወሰን ያለበት ግን ለዚህ ነው። ተራራ ላይ የደከመና ሊደርስ የተቃረበ ሰው “ትንሽ ብቻ” ማለቱ አይቀርም።

3. በረዶውንና ሰማዩን ማንበብ

የበረዶው ጠባይ በቀኑ ውስጥ ይለዋወጣል። ማለዳ ጠጣርና አንሸራታች ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይለሰልስና እግር ይውጣል። ወንዝ በሚያልፍበት ቦታ ከላይ ደህና የሚመስለው በረዶ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ወደ ነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ለስላሳው በረዶ ስለሚያልቅ ጠጣር ግግር ይወጣል፤ ስንጥቅም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ “አምና ሄጄበታለሁ” ማለት መረጃ አይደለም። በዚያው ጠዋት የፓርኩን ጠባቂዎች መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ፓራዳይዝ ላይ 15 ዲግሪ ከሆነ ካምፕ ሙር ላይ 5 ወይም 6 ዲግሪ ነው፤ ነፋሱ ሳይቆጠር።

ጭጋግ ከታች ሲነሣ ከታየ የሚመለሱት ያኔውኑ ነው፤ ከከበበ በኋላ አይደለም። ከከበበ ግን በግምት መውረድ ክልክል ነው። በኮምፓስ መውረድ የሚችል ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፦ በዚያ አካባቢ የኮምፓስ መርፌ ከእውነተኛው ሰሜን 15 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ይህን ሳያስተካክሉ 1 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ከመንገድ 260 ሜትር ገደማ ይወጣሉ። በሁለት ገደሎች መካከል 260 ሜትር ቀላል አይደለም።

4. ምን ይያዛል?

የምናውቀውን ልማድ ትተን አንድ በአንድ አየነው።

ልብስ፦ ጥጥ አይሆንም። ያን ጊዜ ወንድሜ “ብርድ ከመጣ” ብሎ ጋቢ ይዞ ነበር። ጋቢ የእናት ያህል ቢሞቅም ጥጥ ስለሆነ ከረጠበ በኋላ ሙቀት አይዝም። ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ልብስ፣ ከላይም ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ይያዝ።

መነጽር፦ “ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አያቃጥለውም” የሚለው አባባል ስህተት ነው፤ ዓይን ደግሞ ምንም መከላከያ የለውም። አዲስ በረዶ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን አልትራቫዮሌት ጨረር መልሶ ወደ ፊት ይወረውራል። ያለ ጥቁር መነጽር የዋለ ሰው ማታ ዓይኑ አሸዋ እንደገባበት ይቆጠቁጠዋል፤ ለጊዜውም ማየት ሊሳነው ይችላል።

እግር፦ ውኃ የማያስገባ ቡትስ፣ ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ሹል ብረት፣ ምርኩዝ። ቁልቁል ከመንሸራተት በፊት “ብንሸራተት የት ነው የማርፈው?” ብሎ ማየት ይገባል።

ምግብና ውኃ፦ ካምፑ ላይ የቧንቧ ውኃ የለም፤ ሁለት ተኩል ሊትር ተያዘ። ቆሎና በሶ ደግሞ ከየትኛውም የሱቅ ብስኩት አያንስም።

መንገድ ማሳያ፦ ካርታ፣ ኮምፓስ፣ አስቀድሞ ካርታ የተጫነበት ስልክ። ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፤ ኔትወርክም ይኖራል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ስለ ሰውነትም አንድ ነገር ልጨምር። “እኛ የደጋ ልጆች ነን” የሚል ኩራት አለን። ሲያትል ግን የባሕር ጠርዝ ከተማ ናት። ደጋ ማደግ የሰጠን ልምድ ቆላ ተቀምጠው ሲከርሙ ይጠፋል።

5. ወረቀቱ

በመጨረሻ የመጣው፣ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። በመጀመሪያ ዓመት ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት ብለን እንድንጠይቅ ተምረናል። ወንድሜ ቤት ትቶት የሄደው ወረቀት እነዚህን ይዟል፦ የሦስቱ ሰዎች ስምና የጃኬታቸው ቀለም፣ የመኪናው ሰሌዳ፣ መነሻና መድረሻ፣ የመመለሻ ሰዓት። ከሥር ደግሞ “ከቀትር በኋላ በፈረንጅ 6 ሰዓት፣ በሐበሻ 12 ሰዓት ካልደወልኩ ደውልልኝ። በፈረንጅ 8፣ በሐበሻ ከምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ካጣኸኝ ወደ 911 ደውል” ይላል። ፀሐይ የምትጠልቀው 3 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ለፈላጊም ጥቂት ብርሃን ይተርፋል።

ልጁ ወረቀቱን ጮክ ብሎ እንዲያነብና መቼ ምን እንደሚያደርግ በራሱ አፍ እንዲናገር አደረግነው። ከላይ ከተጠቀሰው ሁሉ የተማርኩት ይህን ነው፦ ዕቅድ አለቀ የሚባለው ተጓዡ ሲገባው ሳይሆን ቤት የቀረው ሰው ሲገባው ነው።

ማጠቃለያ

ባለፈው ሐምሌ ሄዱ። ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን የካምፑ የድንጋይ ቤቶች ከፊታቸው ይታዩ ነበር፤ ከታች ደግሞ ደመና መነሣት ጀምሯል። ከጓደኞቹ አንዱ “ሃያ ደቂቃ ብቻ” ብሎ ለመናቸው። ወንድሜ ሰዓቱን አሳየውና ዞሩ። ካምፕ ሙርን እስካሁን አልረገጠም።

የደወለው 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው። እኛ ጋ ሌሊት ነበር። እማዬ “ደረስክ ወይ?” አለችው። “አይ፣ ተመለስኩ” አላት። “እሱን እኮ ነው የጠየቅኩህ” ብላ ስልኩን ለእኔ ሰጥታኝ ተኛች።

ቸር ይግጠመን።