ያገለገለች ትንሽ መኪና የምርመራ ወረቀት ምን ይናገራል? ምንስ ይሰውራል?

በዚህ ሳምንት ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ትምህርት ስለ ትንሽዋ ያገለገለች መኪና ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ባለሱቅ ከብዙ ዓመት ቁጠባ በኋላ ለዕቃ ማመላለሻ ወይም ለቤተ ሰቡ መኪና ሲገዛ የሚያወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ በሱቁ ውስጥ ከተደረደረው ዕቃ ዋጋ የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ ስሕተቱም የዚያኑ ያህል ከባድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚከብድ ታክስ ጣለ፤ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ የገቡት መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ዕድሜያቸው እየገፋ ሄዷል። ስለዚህ ገዢው በሻጩ አንደበት ሳይሆን በወረቀቱና በገዛ ዓይኑ መመራት ይኖርበታል።

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር። ላንድ ነጋዴ ሁለት ቪትዝ ቀርበውለታል እንበል። ሁለቱም ባንድ ዓመት የተሠሩ፥ ሁለቱም የዘመኑን ቦሎ የለጠፉ ናቸው። የፊተኛይቱ ሻጭ ከፍ ያለ ዋጋ ጠርቶ «ይህች እኮ ምርመራውን ባንድ ጊዜ ያለፈች ናት» ይላል። የሁለተኛይቱ ባለቤት ግን መኪናይቱ ባለፈው ዓመት በፍሬን ምክንያት ተመልሳ፥ ከተጠገነች በኋላ እንደገና ቀርባ እንዳለፈች ሳይደብቅ ይናገራል። አብዛኛው ገዢ ወደ ፊተኛይቱ ያደላል። ፍርዱ ትክክል ነውን? ይህን ለመመለስ ምርመራ ማለት ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

የተሽከርካሪ ምርመራ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ይህች መኪና በዛሬው ቀን በመንገድ ላይ ብትወጣ በተሳፋሪዋና በሌላው ሰው ላይ አደጋ ታደርሳለችን? የሚል ነው። ነገ ጧት ትነሣለችን? ካምቢዮዋስ ስንት ጊዜ ይቆያል? ብሎ አይጠይቅም። የእንግሊዞችን ሥርዓት ብንመለከት ይህ በግልጥ ይታያል። በዚያ አገር አንድ መኪና ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ በየዓመቱ ይመረመራል፤ መርማሪው ፍሬኑን፥ መሪውን፥ ጎማውን፥ መብራቱን፥ የመቀመጫ ቀበቶውን፥ የሻንሲውን ዝገትና የጭሱን ሁኔታ ያያል። የሞተሩ፥ የፍሪሲዮኑና የካምቢዮው ጤንነት ግን ከምርመራው ውጭ እንደ ሆነ ሕጉ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ሞተሩ ሊሞት የተቃረበ መኪና ፍሬኑና መብራቱ ደኅና ከሆነ ምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ ይወጣል ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው ሰው ራሱ ከዓመታት በፊት ቦሎዋ ገና ያልደረቀ መኪና ገዝቶ፥ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ካምቢዮው መንሸራተት ጀምሮ ነበር። መርማሪውን መውቀስ አይቻልም፤ ያልተጠየቀውን አልመለሰም። ወረቀቱ ያላለውን እንዳለ አድርጎ ያነበበው ገዢው ነበር።

እንግዲህ ወረቀቱ ጥቅም የለውም ማለታችን አይደለም። ጥቅሙ ግን «አልፏል» ከሚለው ቃል ይልቅ በዝርዝሩ ውስጥ ነው። እንግሊዞች ከግንቦት 20 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጉድለትን አደገኛ፥ ከባድና ቀላል ብለው በሦስት ከፍለዋል። በፊተኞቹ በሁለቱ መኪናው ይወድቃል፤ ቀላል ጉድለት ያለበት ግን ያልፋል። ከነዚህ ሌላ መርማሪው «ወደ ፊት ይታሰብበት» ብሎ የሚጽፈው ማሳሰቢያ አለ፤ አስተዋይ ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነበውም ይህንኑ ማሳሰቢያ ነው። ባንድ ዓመት «የፊት ጎሚኒ መላላት ጀምሯል» የተባለ መኪና በሚቀጥለው ዓመት ያው ቃል ከተደገመበት፥ ባለቤቱ ለመኪናው ምን ያህል እንደሚያስብ ተገልጧል። በዚያ አገር ማንም ሰው የሠሌዳ ቁጥሩን ብቻ ይዞ የመኪናውን ያለፉ ምርመራዎችና በየጊዜው የተነበበውን የኪሎ ሜትር መጠን ያለ ክፍያ ለማየት ይችላል። በጃፓንም መኪናው ሦስት ዓመት ሲሞላው፥ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል፤ በምስክር ወረቀቱም ላይ የጉዞው መጠን ይጻፋል። ከጃፓን የመጣ መኪና የቀድሞ ወረቀቱ ከተገኘ፥ ያ ቁጥር ዛሬ በሜትሩ ላይ ከሚታየው ቁጥር በልጦ ሲገኝ ሜትሩ ወደ ኋላ እንደ ተመለሰ ሌላ ምስክር አያሻም።

የፍሬን መለኪያው ውጤት ልዩ ትኩረት ይገባዋል። መኪናው በሚሽከረከሩ ብረቶች ላይ ቆሞ የእያንዳንዱ ጎማ የፍሬን ኀይል ለብቻው ይለካል። በእንግሊዝ ደንብ የፊት ቀኙና የፊት ግራው ልዩነት ሠላሳ በመቶ ከሆነ መኪናው ይወድቃል፤ ግማሽ በግማሽ ከተለያየማ አደገኛ ይባላል። ምክንያቱም እንዲህ ያለው መኪና በድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል። የቁልቁለቱን መንገድ በዝናብ ቀን የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር አቃልሎ አያየውም። ገዢው «ፍሬኑ ይሠራል» በሚል ቃል ሳይረካ የግራውንና የቀኙን ቁጥር ለይቶ ቢጠይቅ መልካም ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ነጋዴዎች ስለሚጠቅሱት ስለ መኪና ዐይነቶች ማወዳደሪያ ጥቂት እንበል። በጀርመን አገር መኪና መጀመሪያ በሦስት ዓመቱ፥ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል፤ የምርመራ ድርጅቶቹም ስንቱ በከባድ ጉድለት እንደ ወደቀ በመኪናው ዐይነትና በዕድሜው ለይተው በየዓመቱ ያሳትማሉ። ይህ መዝገብ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን አነባበብ ይጠይቃል። ለማስረዳት ያህል በሐሳብ እንቁጠር፦ ከአንድ ዐይነት መቶ መኪናዎች ሃያው፥ ከሌላው ዐይነት መቶ መኪናዎች ዐሥራ አምስቱ ወደቁ እንበል። ሁለተኛው ይሻላል ለማለት እንቸኩላለን። ነገር ግን የፊተኞቹ በአማካይ 120,000 ኪሎ ሜትር፥ የኋለኞቹ 70,000 ኪሎ ሜትር የተጓዙ ቢሆኑስ? የኋለኞቹ ባለቤቶች ከምርመራው በፊት በነበረው ሳምንት ወደ ጋራዥ ወስደው አምፖሉንና ጎማውን ለውጠው ያቀረቡ ቢሆኑስ? ያን ጊዜ ቁጥሩ ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ ባለቤቱ ይናገራል። ደግሞም በመንገድ ላይ የመቆምን ነገር የሚቆጥረው ሌላ መዝገብ ነው። አዳክ የተባለው የጀርመን አውቶሞቢል ማኅበር መንገድ ላይ ለቆሙ መኪናዎች የሰጠውን ርዳታ በየዓመቱ ይቈጥራል፤ በዚያ መዝገብ ከሁሉ የሚበዛው የመቆም ምክንያት የባትሪ መድከም ነው። ባትሪ መድከሙ ግን በምርመራ አይጥልም። አስተማማኝነትና ለመንገድ ብቁነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ወደ ቪትዝ እንመለስ። ይህች መኪና በ1999 እ.ኤ.አ. በጃፓን ለገበያ ቀረበች፤ በአውሮፓ ያሪስ ተብላ በ2000 እ.ኤ.አ. የዓመቱ መኪና የሚለውን ሽልማት አገኘች። ሁለተኛው ትውልድ በ2005 እ.ኤ.አ. ወጣ። የፊተኛው ትውልድ አንድ ሊትር ሞተር 70 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በጎማ ቀበቶ ፈንታ በሰንሰለት የሚሠራ በመሆኑ ቀበቶ በየጊዜው የመለወጥ ወጪ የለበትም። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም ሰንሰለቱ የሚኖረው በንጹሕ ዘይት ነው። ዘይቱ ሳይለወጥ የከረመ ሞተር ጧት በቀዝቃዛው ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ ይንኳኳል። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀን ግን ይህን አንሰማም፤ ስለዚህ ቀጠሮው ጧት ቢሆን፥ ገዢውም ኮፈኑን በእጁ ዳስሶ ቢጀምር ይሻላል።

ሰባው የፈረስ ጉልበት በባሕር ወለል ላይ የተለካ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ስለሚያንስ የሞተሩም ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። አምስት ሰውና ዕቃ ጭና ዳገት የምትወጣ ትንሽ መኪና ፍሪሲዮንዋና ካምቢዮዋ የሚደክሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ የምርመራ ወረቀት ግን ይህን አያሳይም። ዳገት ላይ ሙሉ ጭነት ይዞ መሞከር እንጂ በሜዳ ላይ መዞር ብቻ አይበቃም።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር መሪዋ ነው። ቪትዝ የሚለው ስም በዚያ ዘመን በጃፓን ገበያ ለሚሸጡት የተሰጠ ስለ ነበረ፥ ጃፓኖችም በመንገዱ በግራ በኩል ስለሚነዱ፥ መሪው በቀኝ ነበር። በአገራችን መንገድ መሪዋ በግራ ሆኖ የምናያት ቪትዝ እንግዲህ ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ መሪዋ የተዛወረባት ናት። መሪው ብቻም አይደለም፤ የመሪው ዘንግ፥ የፍሬንና የነዳጅ መርገጫው፥ የፍሬን ዘይት ማከፋፈያውና የኤሌክትሪክ ሽቦው አብረው ይዛወራሉ። ሥራው በንጽሕና የተሠራ መኪና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ነገር ግን በችኮላ የተበየደ ብረት ወይም በቴፕ የተቋጠረ ሽቦ በዳሽቦርዱ ሥር ተሰውሮ ሊኖር ይችላል። ስለሆነም ገዢው ቀለሙን ከማድነቁ በፊት የእጅ መብራት ይዞ በመርገጫው ሥር ቢተኛ አያፍርበት፤ የመሪውን መላላትና የፍሬን ዘይት መፍሰስም በባለሙያ ያስመርምር።

ሌላው ወረቀቱ የሚሰውረው ነገር የአየር ከረጢት ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ የሠራቸው ኤርባጎች በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ውስጣቸው ያለው ቅመም ተበላሽቶ፥ በግጭት ጊዜ ከመጠን በላይ ፈንድተው የብረት ስብርባሪ እንደሚረጩ ታወቀ። ቶዮታም በግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2003 እስከ ኅዳር 2007 እ.ኤ.አ. ከሠራቸው መካከል ኮሮላንና ቪትዝን ጨምሮ ብዙ ሚሊዮን መኪናዎች ለመለወጥ ጠራ። ከጃፓን ቀድማ የወጣች መኪና ይህ ጥሪ ሳይደርሳት ልትቀር ትችላለች። ማጣራቱ ቀላል ነው፤ በሻንሲው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ገልብጦ ለፋብሪካው ወኪል ማቅረብ ይበቃል። ይህን ሳያደርጉ ልጅን በፊት ወንበር ማስቀመጥ አይገባም።

የመለዋወጫ ዕቃ አስመጪዎችና ባለሱቆችም ከምርመራ ውጤት የሚማሩት አለ። በእንግሊዝ አገር መኪናን በብዛት የሚጥሉት መብራት፥ ጎሚኒና ሾክ አብዞርበር፥ ፍሬንና ጎማ ናቸው። ዕቃው ርካሽ ነው፤ የሚፈለገውም ቦሎ በሚታደስበት ወቅት ተሰብስቦ ነው። ባንድ ወቅት አምፖልና የፍሬን ሸራ ያጣ ሱቅ ደንበኛውን ለጎረቤቱ ያስረክባል። ገቢ መኪና በተዘጋበት ጊዜ የሚሸጠው ያረጀውን የሚያቆየው ዕቃ መሆኑን ከወዲሁ ያስተዋሉ ነጋዴዎች አሉ። ነገር ግን ርካሽ የፍሬን ሸራ አስመጥቶ መሸጥ ከሌላው ዕቃ ሁሉ የተለየ ኀላፊነት እንዳለበት ሳንናገር አናልፍም፤ የተሰበረ ፍሬቻ ባለቤቱን ያሳፍራል፥ የሚንሸራተት ሸራ ግን ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ ሁለቱ መኪናዎች ፍርድ ስንመለስ፥ ከቦሎው ብቻ ተነሥቶ የሚመርጥ አይኖርም። የሁለተኛይቱ የመውደቅ ምክንያት የፍሬን ሸራ ከሆነ፥ ምክንያቱ ተወግዷል፤ አዲስ ሸራም አግኝታለች፤ ደረሰኙም ካለ እርሱ ራሱ ዋጋ አለው። የወደቀችው በወለሉ ዝገት ወይም በመሪው መላላት ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር፤ ዝገት ተበይዶም ይመለሳልና። የፊተኛይቱ ባለቤት ያለፈውን ዓመት ዝርዝር ለማሳየት ፈቃደኛ ካልሆነ፥ «ባንድ ጊዜ አለፈች» የሚለው ቃሉ ለዋጋ ጭማሪ በቂ ምክንያት አይሆንም።

ውሉን በሚመለከት፥ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን፥ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ገዢው በውሉ ጊዜ እያወቀ ለተቀበለው ጉድለት ግን ሻጭ አይጠየቅም። ስለዚህ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት መኪናይቱ ገዢው በመረጠው ጋራዥ ታይታ፥ የኪሎ ሜትሩ ንባብ፥ መሪዋ የተዛወረ መሆኑና የተገኘው ጉድለት ሁሉ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ የትኛውን ሻጭ ጠግኖ እንደሚያስረክብ፥ የትኛውን ገዢ በዋጋ ቅናሽ እንደተቀበለ ተለይቶ ይመልከት፤ ሊብሬውም በተመሳሳይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር መጻፉ ከመኪናይቱ ላይ ከሚነበበው ጋር በምስክሮች ፊት ይመሳከር።