ናይትሮጅን ስታዪ ጎረቤቱን ጠይቂ

ልጄ፣ ፈንክሽናል ግሩፖችን እንደ ስም ጥሪ እየሸመደድሽ እንደሆነ ሰማሁ። ተይው፤ እንዲህ አድርጊ።

1. ኢታኖልንና ዳይሜቲል ኢተርን ጎን ለጎን ሣዪ። ሁለቱም ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አላቸው። ኢታኖል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፤ ኢተሩ ግን ከዜሮ በታች 24 ላይ ጋዝ ሆኗል። ኦክስጅኑ ሃይድሮጅን ይዞ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ሞለኪዩሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ በሁለት ካርቦን መካከል ሲገባ መያያዣ ያጣሉ።

2. አሚን ቤዝ ነው። ዓሣ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ ሽታው የሚቀንሰው ትራይሜቲልአሚኑ ከአሲዱ ጋር ጨው ሆኖ መትነን ስለሚያቆም ነው። ከናይትሮጅኑ አጠገብ ካርቦኒል ካለ ግን ኤሌክትሮኖቹ ወደዚያ ይሳባሉ፤ ቤዝነቱም ይጠፋል። የፓራሲታሞል ናይትሮጅን እንዲህ ያለው፣ አማይድ የሚባለው ነው። ፈተና ላይ ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

3. ጫትን አስቢ (ቃሚ ማለቴ አይደለም፤ እናትሽ እንዳትቆጣኝ)። የለጋው ቅጠል ዋና አነቃቂ ካቲኖን ነው፤ ኪቶን አለው፣ ከኪቶኑ ቀጥሎ ባለው ካርቦን ላይ ደግሞ አሚን። ቅጠሉ ሲደርቅ ኪቶኑ ወደ አልኮል ይለወጥና ካቲን ይሆናል፤ ጉልበቱም በእጅጉ ይወርዳል። የተጨመረው ሁለት ሃይድሮጅን ብቻ ነው! ጫት ጭነው ከአወዳይ የሚነሱት መኪኖች እንዲያ የሚበሩት ለዚህ ነው። ነጋዴው የካቲኖንን መዋቅር አይስል ይሆናል፤ ሰዓቱን ግን ከእኔም ከአንቺም በላይ ያውቀዋል።

4. ሃሎጅን ላይ ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ እንዳያታልልሽ። ፍሎሪን ኤሌክትሮን በመሳብ አንደኛ ስለሆነ ከካርቦን ቶሎ የሚለቅ ይመስላል፤ ቦንዱ ግን ከሁሉም የጠነከረ ነው። ቀድሞ የሚለቀው አዮዲን ነው። ክሎሪንን ለማወቅ ዲዲቲን እዪ፤ አምስት ተሸክሟል። ፖል ሙለር ተባይ ገዳይነቱን እ.ኤ.አ. በ1939 ደረሰበት፣ በ1948 ኖቤል ተሸለመ፤ እኛም አገር ለወባ ቤት ለቤት ተረጭቷል። ከውሃ ጋር የሚያግባባው ኦኤችም ኤንኤችም ስለሌለው በስብ ውስጥ ይከማቻል፣ ቶሎም አይፈርስም። ያም ሆኖ ክሎሪን ያለበት ሁሉ ክፉ ነው አትበዪ፤ የወባው መድኃኒት ክሎሮኪንም አንድ አለው።

5. ስያሜው አያስጨንቅሽ። ሃሎጅን ሁልጊዜ ከፊት ይጠራል፤ አሚንና አልኮል አብረው ከመጡ የስሙን መጨረሻ አልኮሉ ይወስዳል።

6. አሁን ክሎሮኪንን ሣዪው። ሦስት ናይትሮጅን አለው። ፕሮቶን ቀድሞ የሚቀበለው የትኛው እንደሆነ ከነምክንያቱ ጽፈሽ እሑድ ስትመጪ አሳዪኝ።