ልጄ ዛሬ ሰው ቤት ያድራል

ልጅ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው “ዛሬ ጓደኛዬ ቤት ልደር?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ፈተና ደርሶ አብረው ሊያጠኑ ይሆናል፤ የልደት በዓል ይሆናል፤ የከተራ ዕለት ታቦቱ ከሚያድርበት ሜዳ አጠገብ ጓደኛው ቤት ይኖረው ይሆናል። በዚህ ትምህርት “ይፈቀድለት ወይስ ይከልከል” የሚለውን አንወስንም፤ እሱን እያንዳንዱ ወላጅ ልጁንና ሰፈሩን አይቶ ይወስነዋል። የምንጠይቀው ልጁ በሌላ ሰው ጣሪያ ሥር ባደረበት ሌሊት በእግዚአብሔር ፊት ተጠያቂው ማን እንደሆነ ነው። ብዙዎቻችን ሳናስበው የያዝነው መልስ አለ። ላኪው “እነሱ ጋ ነው ያለው” ብሎ ይተኛል፤ ተቀባዩም “የሰው ልጅ ነው፣ ምን ብዬ እቆጣዋለሁ” ብሎ ይተኛል። ልጁ በሁለት ቤት መካከል ጠባቂ አጥቶ ያድራል። ቅዱስ መጽሐፍ ግን ሁለቱንም ይጠይቃል።

ከተቀባዩ እንጀምር። ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል፤ ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ከላይ ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በዚያ ቤት ላይ ይሆናል። የዚያ አገር ጣሪያ እንደ እኛ ሣር ክዳን ወይም ቆርቆሮ ተዳፋት አልነበረም፤ ጠፍጣፋና ሰው የሚውልበት የሚያድርበት ነበር። ረዓብ ሰላዮቹን የሸሸገችው በጣሪያዋ ላይ በረበረበችው የተልባ እግር ውስጥ ነው (ኢያሱ 2፥6)። ሳኦልም በሳሙኤል ዘንድ እንግዳ ሆኖ ባደረ ጊዜ ነቢዩ ማልዶ የቀሰቀሰው ከሰገነት ላይ ነበር (1ኛ ሳሙ. 9፥25-26)። እንግዲህ ሕጉ የሚናገረው እንግዳ ስለሚተኛበት ስፍራም ጭምር ነው። ደግሞም ባለቤቱን የሚጠይቀው ሰው ገፍትሮ ስለጣለ ሳይሆን መከታውን ስላልሠራ ነው፤ የወደቀው የቤቱ ልጅ ይሁን የጎረቤት ልጅም አይለይም። “ተኝቼ ነበር፣ አላየሁም” የሚለው መልስ እዚህ ቦታ የለውም። መከታ የሚሠራው ሰው ከመውደቁ በፊት ነውና።

የእኛ ቤት መከታ የሚጎድለው የት የት ላይ ነው? ክረምት ሲገባ ቡና የተፈላበት ከሰል “ልጆቹ እንዳይበርዳቸው” ተብሎ ከነምድጃው ወደሚተኙበት ክፍል ይገባል፤ በርና መስኮት ይዘጋል። ጭሱ ስለጠፋ አደጋው ያለፈ ይመስለናል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛውን ሳይነቃ ይወስደዋል። ይህን በየክረምቱ እየሰማን አሁንም እናደርገዋለን።

ሁለተኛው መኝታ ነው። እንግዳ ሲበዛ ሳሎን ፍራሽ ዘርግቶ “ተጠጋጉ” ማለት የአገራችን ወግ ነው፤ የጠላው ሰው ማንም የለም። ነገር ግን የአሥራ አራት ዓመት ልጅን ከክፍለ ሀገር ከመጣ አጎት ወይም ጓሮ ካለው ተከራይ ጎልማሳ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ማስተኛት ደግነት አይባልም። ወንድ ልጅም ቢሆን! ጥበቃ የሚያስፈልጋት ሴት ልጅ ብቻ ናት የሚለው ልማዳችን ስንቱን ወንድ ልጅ ለብቻው በሲቃ እንደተወው እግዚአብሔር ይወቀው። ሌላም አለ። ባልና ሚስቱ ሰርግ ተጠርተው ይወጡና አምስት ልጆች ለሠራተኛዋ ይተዋሉ። እሷ ራሷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጎረምሶቹ የቤቱን አረቄ ቢያወርዱ ምን ብላ ትከለክላቸዋለች? ልጅ ተቀብሎ ማሳደር ማለት ቤት ውስጥ ማደር ማለት ነው።

አሁን ወደ ላኪው እንምጣ። ለዚህ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13ን የሚያህል ምንባብ አላውቅም። በዐውደ ምሕረት ብዙ አይነሣም፤ ሲነበብ ያሳፍራልና። አምኖን የዳዊት የበኩር ልጅ ነው፤ ትዕማር የአባቱ ልጅ፣ እህቱ ናት። አምኖን ኢዮናዳብ የሚባል ወዳጅ ነበረው፤ የዳዊት የወንድሙ ልጅ፣ እጅግ ብልህ ሰው። ታምሜያለሁ ብለህ ተኛ፣ አባትህ ሊጠይቅህ ሲመጣ ትዕማር መጥታ በፊቴ ምግብ ትሥራልኝ በለው ብሎ የመከረው እሱ ነው። ንጉሡ መጣ፤ ልጁ ለመነው፤ ንጉሡም ወደ ወንድምሽ ቤት ሂጂ ብሎ ወደ ትዕማር ላከባት። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ አምኖን አስገድዶ ደፈራት። ቤቱ የዘመድ፣ ምክንያቱ የበሽተኛ ጥየቃ፣ ፈቃጁ አባት ነበር።

መጽሐፉ ዳዊት ሐሳቡን ያውቅ ነበር አይልም፤ እኛም አንልም። የሚያሳየን ግን ዝምድናው ጥያቄውን እንዳስቀረው ነው። ለማያውቀው ሰው ቢሆን ማን አብሯት ይሄዳል፣ ቤቱ ውስጥ ማን አለ ይል ነበር። ለአምኖን አላለም። በእኛም ዘንድ ብዙ ጊዜ ጥያቄ የሚቆመው “እነሱማ እንደ ራሳችን ናቸው” ከሚለው ቃል ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የትዕማር ወንድም አቤሴሎም በበኣልሐጾር በጎቹን ሲያሸልት ድግስ ደግሶ አምኖን እንዲመጣለት አባቱን ጠየቀ። በዚህ ጊዜ ዳዊት ጠየቀ፤ ለምን እሱ ይሄዳል አለ። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ መልስ ግን አላገኘም። አቤሴሎም አጥብቆ ሲለምነው ለቀቀው፤ አምኖንም በዚያ ድግስ የወይን ጠጅ ጠጥቶ ሳለ ተገደለ። አንዴ ሳይጠይቅ ላከ፣ አንዴ ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ ላከ። ልጅ “ሁሉም ተፈቅዶላቸዋል እኮ፣ እኔ ብቻ!” እያለ ሲጨቀጭቅ የምንሸነፈው በሁለተኛው መንገድ ነው።

እዚህ ላይ የያዕቆብን ልጅ ዲናን እየጠቀሱ (ዘፍ. 34) “ባትወጣ ኖሮ” የሚሉ አስተማሪዎች አሉ። እኔ አልቀበለውም። ምዕራፉ ዲና የአገሩን ሴቶች ልጆች ልታይ እንደ ወጣች ይናገራል፤ ነውረኛ ያለው ግን የደፈራትን የሴኬምን ሥራ ነው። ወላጅን ስለ ጥንቃቄ ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ የተጎዳችን ልጅ በመውጣቷ መክሰስ ሌላ ነው።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ከ18 ዓመት በታች ያለውን ልጅ አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል፤ የአሳዳሪነቱንም ሥልጣን ለአባትና ለእናት በጋራ ይሰጣል። ልጁ ሌላ ቤት ስላደረ ይህ ለአንድ ሌሊት አይቋረጥም።

እንግዲህ ላኪው ይጠይቅ ካልን የሚያስቸግረን ይሉኝታ ነው። “ምን ይሉኛል? አላመነችንም ይሉኛል።” እንዲህ ብሎ መጀመር ይቻላል፦ “የሊዲያ እናት፣ እንደምን ዋልሽ? የሳሮን እናት ነኝ። ሳሮን ዛሬ እናንተ ጋ ታድራለች አለችኝ፤ አስቸገረቻችሁ። እናንተ ማታ ቤት ናችሁ? ልጆቹ የት ነው የሚተኙት? እንግዳ አለባችሁ እንዴ? ጠዋት በሦስት ሰዓት መጥቼ እወስዳታለሁ።” ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጠያቂዋን የምትቆጣ እናት ብትገጥማችሁ እሱ ራሱ መልስ ነው። ብዙዎቹ ግን ደስ ይላቸዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እነሱም ሊጠይቋችሁ ይደፍራሉና። ልጁ ብቻ ነግሮን፣ ከቤቱ አዋቂ ጋር ሳንነጋገር መፍቀድ ግን ለሁለት ተዋሽቶ ሦስተኛ ቦታ ለማደር በር ይከፍታል። አንዱ እነሱ ጋ ነኝ ይላል፣ ሌላው እነዚያ ጋ ነኝ ይላል።

አሜሪካ ለምትኖሩ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፦ ቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ አለ ወይ፣ ካለስ ጥይቱ ወጥቶለት ተቆልፎበታል ወይ? ለእኛ ጆሮ የሚከብድ ጥያቄ ነው። በዚያ አገር ግን የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ራሱ ወላጆች ልጃቸውን ሰው ቤት ከመላካቸው በፊት ይህን እንዲጠይቁ ይመክራል። ነውርነቱን ትተን እንጠይቅ።

ልጁስ? ጌታችን አሥራ ሁለት ዓመት በሆነው ጊዜ በኢየሩሳሌም ቀረ፤ እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ በዘመድና በወዳጅ መካከልም ፈለጉት (ሉቃስ 2፥41-52)። የእኛ ወሬና ትዝብት እነርሱን አይነካም። ከዚህ የምንማረው በሦስተኛው ቀን ሲያገኙት የሆነውን ነው። እናቱ ጠየቀችው፤ ጭንቀታቸውን ነገረችው፤ መልሱንም ሰማች። ያልገባቸው ነገር ነበር፤ እሷ ግን ሁሉን በልቧ ጠበቀችው። እሱም ወደ ናዝሬት ወርዶ ታዘዛቸው። ዱላ የለም፣ የልጅ ዝምታም የለም። ሐዋርያው አባቶችን ልጆቻችሁን አታስቆጡ ያለው (ኤፌ. 6፥4) በዚህ ጉዳይ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ቤቱ ሲደርስ የሚገረፍ ልጅ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ “ውሰዱኝ” ብሎ አይደውልምና። ስለዚህ አስቀድማችሁ ተስማሙ። አንድ ቤተሰብ የያዘው ዘዴ ደስ ይለኛል፦ ልጁ በጓደኞቹ ፊት ሳያፍር “እማዬ፣ አክስቴ ተሻላት?” ብሎ ይደውላል። የታመመች አክስት የለችም። እናቱ “አልተሻላትም፣ መጥቼ ልውሰድህ” ትላለች፤ ጥያቄውም ምክሩም ለነገ ይቆያል።

ይህን ሁሉ አድርገንም ክፉ ነገር ሊደርስ ይችላል። ኢዮብ ልጆቹ በየተራ አንዱ በአንዱ ቤት ሲበሉ ሲጠጡ የት እንዳሉ ያውቅ ነበር፤ ግብዣው ባለፈ ጊዜ ማልዶ ተነሥቶ ስለ እያንዳንዳቸው መሥዋዕት ያቀርብ ነበር (ኢዮብ 1፥4-5)። የሞቱት ግን በታላቅ ወንድማቸው ቤት በማዕድ ተቀምጠው ሳሉ ታላቅ ነፋስ ቤቱን ጥሎባቸው ነው። ወዳጁ በልዳዶስ ልጆችህ በድለው ይሆናል አለው (8፥4)፤ እግዚአብሔርም በመጨረሻ በኢዮብ ወዳጆች ላይ ተቆጣ። ወላጅ የሚጠየቀው ስለ መከታው ነው፤ ነፋሱን የሚያዝ እሱ አይደለም። ሐዘን ቤት ሄደን “ለምን ላካችሁት” የምንል ሰዎች ከበልዳዶስ ጋር ተቀምጠናል።

ልጅ ተጎድቶ ከተመለሰ ደግሞ ትዕማር ላይ የሆነው አይደገም። አቤሴሎም ወንድምሽ ነውና ዝም በይ አላት። ዳዊት እጅግ ተቆጣ፤ ከቁጣው ያለፈ ግን ምንም አላደረገም፤ የሰባ ሊቃናት ትርጉም ምክንያቱን ሲጨምር በኩሩ ስለሆነ ወደደው ይላል። በእኛ ሰፈር ይህ “ነገሩ በቤተሰብ ይያዝ” ይባላል። አይያዝም። ልጁ ወይም ልጅቱ ሳይታጠቡ፣ የለበሱት ልብስ ሳይታጠብ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው ከ72 ሰዓት በፊት ከተጀመረ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለው። ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ቢመጡ በክብር ተቀበሏቸው፤ ስለ ከብትና ስለ ድንበር እንደሚያስታርቁት ግን ይህን ሊያስታርቁ እንደማይችሉ ንገሯቸው፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 626 እና 627 የተያዘ ጉዳይ ነው። ንስሐ አባትም ቢሆኑ አጥፊውን ወደ ንስሐ ይጥሩት እንጂ ቤተሰቡን ክሱን ተዉ አይበሉ።