ሌዎን ብሉምና የ1936 ዓመት

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1920 በቱር ጉባኤ አብዛኛው ሶሻሊስት ወደ ኮሙኒስቶች ሲያልፍ፣ ሌዎን ብሉም ከነባሩ ፓርቲ ጋር ቀሩ። በጁን 1936 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ለሠራተኛው የ40 ሰዓት ሳምንትና በየዓመቱ የ2 ሳምንት ዕረፍት ከነደመወዙ አስገኙ፤ ይህን ማንም አይክድባቸውም።

እኛን የሚከነክነን ሌላ ነው። በዴሰምበር 1935 ላቫል ከእንግሊዙ ሆር ጋር ተስማምቶ ኢትዮጵያን ቆርሶ ለሙሶሊኒ ሊሰጥ ሲል፣ በምክር ቤት አጥብቀው የተቃወሙት እኒሁ ሰው ነበሩ። ሥልጣን በያዙ በወሩ ግን በኢጣልያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ በጄኔቭ እንዲነሣ መንግሥታቸው ተስማማ። የሂትለር ሥጋት ነው ይባላል፤ ምክንያቱ ይገባናል፣ አንቀበለውም እንጂ።

ፈሪ ነበሩ ግን አንልም፤ በጁላይ 10 ቀን 1940 ለፔታን ሙሉ ሥልጣን አንሰጥም ካሉት 80 እንደራሴዎች አንዱ ናቸው።